ፓይተን 3.14፦ ዜናው ሌላ፣ ጥቅሙ ሌላ

የፓይተን፣ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው፣ 3.14 ቨርዥን የወጣው መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 7 ቀን 2025። ወሬውን የወሰዱት ያለ ጂአይኤል (ከፕሮግራሙ ሥራዎች በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ኮድ እንዲያስኬድ የሚያስገድደው መቆለፊያ) የሚሠራው ፓይተንና ጂት የተባለው አፋጣኝ ናቸው። ካዛንቺስ ላይ የብዙ ድርጅት ሂሳብ በስክሪፕት ለሚያስታርቅ ቢሮ፣ ፒያሳ ላይ የፋርማሲ ስቶክ ለሚቆጣጠር ፕሮግራም፣ አምስት ኪሎ ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለያዘ ተማሪ ግን የሚጠቅመው ከፓይተን ጋር አብሮ በሚመጣው ላይብረሪ ውስጥ ተበታትኖ የተቀመጠው ነው። ዝም ብሎ የሚሰበር ኮድም አለ፤ እሱን ሳያውቁ መቀየር ያስጠይቃል።

ፍርዱን ቀድሞ መናገር ይሻላል። 3.12 ወይም 3.13 ላይ ያለ ሰው ቢቀይር ይጠቀማል፣ የሚጣደፍበት ምክንያት ግን የለውም። 3.9 ላይ የቀረ ቢሮ ጊዜው አልፎበታል፤ የዚያ ቨርዥን ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል፣ የደህንነት ማስተካከያ አይመጣለትም። የ3.10 ተራ ኦክቶበር 2026 ነው። 3.14 እስከ ኦክቶበር 2030 ድረስ ማስተካከያ ያገኛል። ሲጭኑ የመጀመሪያውን 3.14.0 ሳይሆን ከኋላው የወጣውን የቅርብ ማስተካከያ መውሰድ ነው።

አጫጫኑ

ዊንዶውስ ላይ መንገዱ ተለውጧል። የለመድነው ኢንስቶለር በ3.14 እና በ3.15 ይቀጥላል፣ ከዚያ በኋላ ይቀራል። ቦታውን የሚይዘው ከማይክሮሶፍት ስቶር ወይም ከፓይተን ድረ ገጽ የሚወርደው የፓይተን ኢንስቶል ማኔጀር ነው። እሱ ከተጫነ በኋላ በትዕዛዝ መስኮቱ ላይ «ፒዋይ ኢንስቶል 3.14» ማለት ይበቃል (ፒዋይ ሁለቱ የላቲን ፊደላት ናቸው፣ ትዕዛዙ ሁሉ በላቲን ነው የሚጻፈው)። 3.13 ሳይነካ ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ የትኞቹ እንዳሉ «ፒዋይ ሊስት» ያሳያል።

ኢንተርኔቱ በፓኬጅ ለሚሞላበት ቢሮ አንድ ጥሩ ነገር አለው። በኢንስቶል ትዕዛዙ ላይ «ዳውንሎድ» የሚለውን አማራጭ ከፎልደር ስም ጋር ከጨመሩ ፋይሎቹን ሳይጭን ያወርዳቸዋል። ፎልደሩን በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ማሽኖች ወስዶ «ሶርስ» በሚለው አማራጭ መጫን ነው። ለተጨማሪ ፓኬጆችም መጫኛቸው ፒፕ ተመሳሳይ መንገድ አለው፦ ፒፕ ዳውንሎድ በአንዱ ማሽን፣ በሌሎቹ ደግሞ ኢንዴክስ እንዳይፈልግና ከፎልደሩ ብቻ እንዲወስድ የሚያዙትን ሁለት አማራጮች ጨምሮ ፒፕ ኢንስቶል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ዊል የሚባሉት የፓኬጅ ፋይሎች ለቨርዥንና ለሲስተም ተለይተው የተዘጋጁ ናቸው። በኡቡንቱ ላፕቶፕ የወረደ ወይም በ3.12 የወረደ ናምፓይ (የስሌት ፓኬጅ) 3.14 ባለው ዊንዶውስ ላይ አይገባም። የሚያወርደው ማሽን ከሚጫንበት ጋር አንድ ዓይነት ሲስተምና አንድ ዓይነት ቨርዥን ቢኖረው ይሻላል።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያሉ አሮጌ ማሽኖች፣ ኢንተርኔት ቤቶች ውስጥ እንደሚታዩት፣ ከጨዋታው ውጭ ናቸው፤ የመጨረሻቸው 3.8 ነበር።

ኡቡንቱ 24.04 ከ3.12 ጋር ነው የሚመጣው። እሱን አንስቶ በ3.14 መተካት ሲስተሙን ራሱ ያበላሻል፣ ምክንያቱም የኡቡንቱ የራሱ መሣሪያዎች በዚያ ፓይተን ላይ ይሠራሉ። ዩቪ በተባለው መሣሪያ ወይም ከዴድስኔክስ ማከማቻ ጎን ለጎን መጫን ነው። ከምንጭ ኮዱ ራሱ ገንብቶ የሚጭን ሰው ደግሞ የዜድስታንዳርድ (የፋይል መጭመቂያ) ላይብረሪ የልማት ፋይሎች አስቀድመው መኖራቸውን ያረጋግጥ። ከሌሉ ግንባታው ያለ ስህተት ያልቃል፣ አዲሱ የመጭመቂያ ሞጁል ግን የለም፤ ይህ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ሲውል ነው።

የሚሰበረው

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያሰናክለው መልቲፕሮሰሲንግ ነው፤ ሥራን ለብዙ ፕሮሰሶች፣ ማለትም ለየብቻቸው ለሚሄዱ የፕሮግራሙ ቅጂዎች፣ የሚያከፋፍለው ሞጁል። ሊኑክስ ላይ እስከ 3.13 ድረስ አዲስ ፕሮሰስ የሚፈጠረው በፎርክ ነበር፤ ልጁ የእናቱን ሚሞሪ እንዳለ ይወርሳል። 3.14 ላይ የተለመደው መንገድ ፎርክሰርቨር ሆኗል፤ ልጁ ከእናቱ ሳይሆን ለዚሁ ከተነሳ ሌላ ፕሮሰስ ይወጣል። ምክንያቱ ትክክል ነው፦ ትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ያለበትን ፕሮሰስ ፎርክ ማድረግ ሎክ እንደተያዘ ይቀዳና ልጁ ለዘላለም ተንጠልጥሎ ይቀራል። ውጤቱ ግን ብዙ የድሮ ስክሪፕት መሰበሩ ነው።

የሚሰበርበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው፣ ዋናው ፋይል «ስሙ ሜይን ከሆነ» በሚለው ማረጋገጫ ካልተከለለ ገና ሲነሳ ስህተት ያወጣል። ይህ ደግነቱ ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው፣ ላምዳ ወይም ፈንክሽን ውስጥ የተጻፈ ፈንክሽን ወደ ልጁ ሲላክ የፒክል ስህተት፣ ማለትም ለመላክ ወደ ባይት መቀየር አልቻልኩም የሚል፣ ይመጣል፤ ይህም ይታያል። ሦስተኛው ነው መጥፎው። የዕለቱ የምንዛሪ ዋጋ ባዶ ሆኖ በተጀመረ ግሎባል ዲክሽነሪ ውስጥ ተሞልቶ፣ ከዚያ አራት ፕሮሰሶች ደረሰኞቹን እየተከፋፈሉ የሚያሰሉበትን ስክሪፕት እንውሰድ። በፎርክ ጊዜ ልጆቹ የተሞላውን ዲክሽነሪ ያዩ ነበር። በፎርክሰርቨር ሞጁሉ እንደገና ስለሚጫን ልጆቹ የሚያዩት ባዶውን ነው። ኮዱ ዋጋውን በቀጥታ ከጠየቀ ኪይኤረር ይመጣል። «ከሌለ ዜሮ ውሰድ» ብሎ ከጠየቀ ግን ምንም ስህተት የለም፣ ሪፖርቱ በዜሮ ተሞልቶ ይወጣል።

መፍትሔው ውሂቡን ለፑሉ፣ ማለትም ለፕሮሰሶቹ ስብስብ፣ ኢኒሺያላይዘር በሚባለው መስጫ በኩል ማስገባት ነው። ጊዜ ለሌለው፣ በዋናው ፋይል መጀመሪያ ላይ የአጀማመር ዘዴውን ፎርክ ብሎ መወሰን የድሮውን ጠባይ ይመልሳል። ይህ ግን ዕዳ ነው፣ አንድ ቀን ይከፈላል። ዊንዶውስና ማክ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ አያየውም፤ እዚያ ድሮም በስፖን ነው፣ ልጁ ከባዶ ይነሳል።

አሲንክአይኦ (የሚጠብቁ ሥራዎችን በአንድ ሉፕ የሚያፈራርቅ ሞጁል) ላይ ደግሞ «ጌት ኢቨንት ሉፕ» የሚለው ፈንክሽን የተዘጋጀ ሉፕ ካላገኘ ራሱ አይፈጥርም፤ ራንታይምኤረር ይሰጣል። የቆዩ የቴሌግራም ቦቶች በብዛት እዚህ ይወድቃሉ። ሉፑን በእጅ ከመያዝ ይልቅ ሥራውን ለአሲንክአይኦ «ራን» መስጠት ያስተካክለዋል።

ለክላሶችና ለፈንክሽኖች የሚጻፉት የዓይነት ማስታወሻዎች አሁን የሚሰሉት ሲጠየቁ ብቻ ነው። ጥሩ ለውጥ ነው፤ ገና ከታች የሚገለጽን ክላስ ስም በጥቅስ ማሰር ቀረ፣ ፋይሉም ፈጥኖ ይነሳል። ግን በማስታወሻዎቹ ላይ የተመሠረቱ ላይብረሪዎች መከተል ነበረባቸው። ውሂብ የሚያረጋግጠው ፓይዳንቲክ 3.14ን የሚደግፈው ከ2.12 ጀምሮ ነው፣ የአንደኛው ትውልድ ፓይዳንቲክ ግን ከ3.14 ጋር አይሄድም። አሮጌ ፋስትኤፒአይ (በፓይዳንቲክ ላይ የቆመ የድር አገልግሎት መሥሪያ) ላይ የተሠራ አገልግሎት ያለው ቢሮ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ይሁን፤ ከዚያ በፊት የቀረውን መፈተሽ ልፋት ነው።

አንድ ለየት ያለ ወጥመድ አለ። ከ3.14 ጀምሮ ሁለት የስህተት ዓይነቶችን ለመያዝ ቅንፍ አያስፈልግም፣ በኮማ ለይቶ መጻፍ ይቻላል («አዝ» ብሎ ስም መስጠት ካለ ግን ቅንፉ የግድ ነው)። ፓይተን 2 ላይ ያው ኮማ «አዝ» ማለት ነበር። ከድሮ መማሪያ የተቀዳ ኮድ እስከ 3.13 ድረስ ገና ሲነበብ ይከለከል ነበር፤ አሁን ያልፋል። ከኮማው በኋላ ያለችው ኢ የምትባል ስም እንደ ሁለተኛ የስህተት ዓይነት ትቆጠራለች፣ የሚታወቀውም እውነተኛው ስህተት በመጣ ዕለት «ኢ አልተገለጸችም» ሲል ነው። ይህ ለውጥ ከሰጠው ይልቅ የወሰደው ይበልጣል፤ ሁለት ቅንፍ መጻፍ ማንንም አልከበደም ነበር።

«ፋይናሊ» ውስጥ ሪተርን፣ ብሬክ ወይም ኮንቲኒው ያለበት ኮድ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ሪተርን የመጣውን ስህተት በጸጥታ ይውጠዋል። ከመቀየር በፊት የፕሮግራሙን ፈተናዎች ማስጠንቀቂያን እንደ ስህተት በሚቆጥረው አማራጭ አንድ ጊዜ በ3.13 ላይ ማስኬድ ከሚወገዱት ነገሮች አብዛኞቹን አስቀድሞ ያሳያል። የፎርኩን ነገር ግን አያሳይም።

ቲ-ስትሪንግ

ከቋንቋው አዲስ ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ኤፍ-ስትሪንግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከጥቅሱ በፊት ኤፍ ይደረግና በቅንፍ ያለው ዋጋ ወዲያው ከጽሑፉ ጋር ይዋሃዳል። በኤፍ ፋንታ ቲ ከተደረገ አይዋሃድም። የሚገኘው ቴምፕሌት የሚባል ነገር ነው፤ ቋሚው ጽሑፍ ለብቻው፣ የገቡት ዋጋዎች ለብቻቸው ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ዋጋ ከየትኛው ስም እንደመጣና ምን ዓይነት ቅርጽ እንደተጠየቀለትም ተመዝግቧል።

ጥቅሙ ለምን እንደሆነ በአንድ ስም ይታያል። በዕደ ማርያም የሚለው ስም በላቲን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ አፖስትሮፍ ይገባበታል። በኤፍ-ስትሪንግ የተሠራ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ) ጥያቄ ያቺን ምልክት የጽሑፉ መዝጊያ አድርጎ ያነባትና ይሰበራል። ተንኮል ያለበት ሰው ደግሞ በዚያው ቀዳዳ የራሱን ትዕዛዝ ያስገባል። በቲ-ስትሪንግ ግን ቴምፕሌቱን የሚያነብ አንድ አጭር ፈንክሽን ይጻፋል፦ ክፍሎቹን በተራ ያያል፣ ቋሚ ጽሑፍ ከሆነ እንዳለ ይቀጥላል፣ ዋጋ ከሆነ በቦታው የጥያቄ ምልክት ያስቀምጥና ዋጋውን ወደ ሊስት ያስገባል፤ መጨረሻ ላይ ጽሑፉንና ሊስቱን ለዳታቤዙ፣ ለምሳሌ ለኤስኪውላይት፣ ይሰጣል። ከአሥር መስመር ብዙም አያልፍም። ለኤችቲኤምኤልም እንዲሁ ነው፣ ዋጋው ሲመጣ አደገኛ ምልክቶቹን አጽድቶ ማስገባት።

የሚጠበቅና የሌለ ነገር ግን አለ። ኤስኪውላይት ራሱ ቴምፕሌት አይቀበልም፤ ያቺን ፈንክሽን ካልጻፉ ወይም የጻፈ ላይብረሪ ካልተጠቀሙ ቲ-ስትሪንግ ለብቻው ምንም አያድንም። ቴምፕሌትን ፕሪንት ማድረግ የተዋሃደውን ጽሑፍ አያሳይም፣ የውስጥ አሠራሩን ነው የሚያሳየው። ከተራ ጽሑፍ ጋር በመደመር ምልክት ማያያዝም ታይፕኤረር ያመጣል፤ ቴምፕሌት ከቴምፕሌት ጋር ብቻ ነው የሚደመረው። ይህን የመጨረሻውን እንደ ችግር አንስቶ የሚያማርር ሰው አለ፣ ግን ልክ ነው፦ ሾልኮ የሚገባው ተራ ጽሑፍ በሩ ላይ እንዲቆም ነው የተፈለገው።

ፋይሎችና ማኅደር

ዜድስታንዳርድ አሁን ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል፣ «ኮምፕሬሽን» በተባለው አዲስ ፓኬጅ ሥር። ከጂዚፕ ጋር ተቀራራቢ መጠን ላይ በጣም ይፈጥናል፣ በተለይ ሲፈታ። የማኅደር ሞጁሉ ታርፋይል በሞዱ ላይ ዜድኤስቲ ሲባል በቀጥታ ይጽፋል፣ ፋይል ቀጂው ሹቲልም ማኅደር መሥራት ይችላል። ሳይነገረው የሚጠቀመው ደረጃ 3 ነው። ከፍተኛው 22 ነው፣ ግን ከ20 በላይ ያሉት ሚሞሪ ይበላሉ፤ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ መሞከርም አያስፈልግም። ለዕለታዊ ባክአፕ 3 ይበቃል፣ ለዓመት መዝጊያ ማኅደር ከ10 እስከ 15 ባለው መሥራት ይቻላል።

የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፣ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ ሲጨመቅ ብዙ ይቀንሳል። አጫጭር መልእክቶች ግን ለየብቻቸው ሲጨመቁ ምንም አይቀንሱም፣ መጭመቂያው የሚማርበት ጽሑፍ ስለሌለው። ለዚህ «ትሬን ዲክት» የሚለው ፈንክሽን አለ፦ ተመሳሳይ ናሙናዎች ይሰጡትና የጋራ መዝገብ ያዘጋጃል። በእሱ የተጨመቀ ያለ እሱ አይፈታም፤ መዝገቡ የጠፋበት ማኅደሩ እንደጠፋ ይቁጠረው። ዚፕ ውስጥ በዜድስታንዳርድ መጭመቅም ይቻላል፣ ግን ተቀባዩ አሮጌ የዚፕ መፍቻ ካለው አይከፈትለትም። ለኦዲተር ወይም ለገቢዎች የሚላክ ነገር በተለመደው ዚፕ ይሁን።

የፋይል አድራሻዎችን በሚይዘው ፓዝሊብ ላይ የተጨመሩት «ኮፒ»፣ «ኮፒ ኢንቱ»፣ «ሙቭ» እና «ሙቭ ኢንቱ» ለዓመታት የጎደሉ ነበሩ። ከላፕቶፑ ዲስክ ወደ ፍላሽ ፋይል ለማዛወር «ሪኔም» የሚለውን የሚጠቀም ስክሪፕት ሁልጊዜ ይወድቅ ነበር፣ ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ስም በመቀየር ብቻ ማለፍ ስለማይቻል። «ሙቭ» ግን ሲያስፈልግ ይቀዳና ዋናውን ይሰርዛል፣ ፎልደርም ከነሙሉ ይዘቱ ይወስዳል። ልብ ሊባል የሚገባው «ኮፒ» የፋይሉን ቀንና ፈቃድ ካልተነገረው አይጠብቅም። ሹቲል ፎልደር ሲቀዳ ይጠብቅ ስለነበር፣ በፋይል ቀን እየለየ ባክአፕ የሚያደርግ ስክሪፕት ወደ አዲሱ ሲዛወር ሁሉም ፋይል ዛሬ የተሠራ ይመስለዋል። «ፕሪዘርቭ ሜታዳታ» የሚለውን እውነት ማድረግ ነው።

እየሠራ ያለን ፕሮግራም ማየት

ይህ ሰርቨር ለሚጠብቅ ሰው የቨርዥኑ ዋና ስጦታ ነው። የስህተት መፈለጊያው ፒዲቢ አሁን የፕሮሰሱን ቁጥር ተቀብሎ እየሄደ ካለ ፕሮግራም ጋር ይያያዛል፤ ማቆም፣ እንደገና ማስነሳት፣ ኮድ ውስጥ ማረፊያ መጨመር አያስፈልግም። ክፍያ የሚቀበል አገልግሎት ከቀኑ በአሥር ሰዓት ሲንቀራፈፍ የት መስመር ላይ እንዳለ እዚያው ይታያል።

ካልተያያዘ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ሊኑክስ ላይ የሌላን ፕሮሰስ ሚሞሪ ለመንካት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሱዶ። የሚያያዘው ፓይተንና የሚያያዝበት ፓይተን ሁለቱም 3.14 መሆን አለባቸው። ሦስተኛው፣ ፕሮግራሙ ከዳታቤዝ መልስ እየጠበቀ ከቆመ ፒዲቢም አብሮ ይጠብቃል፤ ግንኙነቱ የሚጀምረው ፓይተኑ ቀጣዩን ትዕዛዝ ለመፈጸም ሲነቃ ነው። ብዙ ሰዎች በሚጋሩት ሰርቨር ላይ ይህን በር መዝጋት ይቻላል፣ ፓይተኑ ሲነሳ ከርቀት ዲበግ ማድረግን የሚከለክለውን አማራጭ በመስጠት። አሲንክአይኦ ደግሞ የራሱ አለው፦ የፕሮሰስ ቁጥር ይሰጠውና የትኛው ታስክ የትኛውን እየጠበቀ እንዳለ በዛፍ ቅርጽ ያሳያል። ቦቱ ለምን ዝም እንዳለ ለማወቅ ከዚህ የሚሻል መንገድ አልነበረም።

ትንንሾቹ

ዩዩአይዲ 7 መጥቷል፤ ዩዩአይዲ የማይደገም መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚጀምረው በሰዓቱ ስለሆነ ዳታቤዝ ላይ ዋና ቁልፍ ሲሆን አዳዲሶቹ ከመጨረሻው ይሰለፋሉ፣ እንደ ዩዩአይዲ 4 ኢንዴክሱን እየበታተኑ አይገቡም። ሰዓቱ ግን ከቁጥሩ ላይ ይነበባል፤ መዝገቡ መቼ እንደተፈጠረ ደንበኛው እንዲያውቅ ካልተፈለገ 4 ይቆይ። «ማፕ» ስትሪክት ሲባል የሁለት ሊስቶች ርዝመት ካልተስተካከለ ይጮሃል፤ የሠራተኛ ስምና የደመወዝ ዓምድ ሲጣመር አንዱ ጎድሎ መጨረሻው በዝምታ እንዲቆረጥ አይፈቅድም። ለሂሳብ ሥራ ይህ ግዴታ ቢሆን ደስ ይል ነበር። «ዴት» እና «ታይም» ጽሑፍን ወደ ቀንና ሰዓት የሚቀይር የራሳቸውን ስትርፒታይም አግኝተዋል፣ በዴትታይም በኩል መዞር ቀረ። ሂፕኪው ከትልቅ ወደ ትንሽ መደርደር ችሏል። ከፓይተን ጋር የሚመጣው ትንሹ የኤችቲቲፒ ሰርቨር በኤችቲቲፒኤስ ይሠራል፣ ለቢሮ ውስጥ ሙከራ እንጂ ለደንበኛ አይደለም።

ለጀማሪ የሚጠቅመው የስህተት መልእክቶቹ መሻሻል ነው። የተሳሳተ ቁልፍ ቃል ሲጻፍ፣ ለምሳሌ በዋይል ውስጥ አንድ ፊደል ሲደጋገም፣ «ይህን ለማለት ፈልገው ነው?» ብሎ ትክክለኛውን ይጠቁማል። የትዕዛዝ መስኮቱ ኮዱን በቀለም ይለያል፣ ኢምፖርት ሲደረግ የሞጁል ስም ያሟላል። «5 ሚሊዮን ኮደሮች» ላይ ስልጠና የጀመረ ሰው በ3.14 ቢጀምር ይሻለዋል።

ፍጥነቱ

ያለ ጂአይኤል የሚሠራው ፓይተን ከእንግዲህ ሙከራ አይባልም፣ በይፋ የሚደገፍ ሆኗል፤ ግን አሁንም ለብቻው የሚጫን ነው፣ ከቨርዥኑ ቁጥር ኋላ ቲ ተጨምሮበት። በአንድ ትሬድ የሚሠራ ሥራ ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ይዘገያል። ትርፉ የሚገኘው በብዙ ኮር ላይ ከባድ ስሌት በትሬድ ለሚከፋፍል ብቻ ነው። ዝግጁ ያልሆነ በሲ የተጻፈ ፓኬጅ ኢምፖርት ከተደረገ ጂአይኤል ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ተመልሶ ይበራል፤ ማስጠንቀቂያውን ያላነበበ ሰው ለምን እንዳልፈጠነለት አይገባውም።

ጂቱ በዊንዶውስና በማክ ይፋዊ ኢንስቶለሮች ውስጥ ገብቷል፣ ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። የፓይተን ሰነድ ራሱ እንደ ሥራው ዓይነት ከ10 በመቶ መዘግየት እስከ 20 በመቶ መፍጠን ይላል። ለደንበኛ በሚሠራ ነገር ላይ አይበራም። ንዑስ ኢንተርፕሪተሮችም (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ተነጣጥለው የሚሠሩ ፓይተኖች) ወደ ላይብረሪው ገብተዋል፣ እያንዳንዱ የራሱ ጂአይኤል ያለው፤ ናምፓይ ስለማይደግፋቸው የዳታ ሥራ ላይ ገና ናቸው።

አማርኛችንስ?

እዚህ ላይ 3.14 ብዙም አልጨመረም፤ የዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው፣ መዝገቡ ወደ 16.0 አድጓል፣ ለእኛ ግን የሚታይ ለውጥ የለውም። የነበሩት ወጥመዶች እንዳሉ ናቸው።

የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አዲሱ ስትርፒታይም አያውቀውም። ጳጉሜን ሲሰጡት 13ኛ ወር የለም ይላል። ለመቀየር ግን ትልቅ ላይብረሪ አያስፈልግም። ፓይተን 3 የተለዋዋጭ ስም በግዕዝ ፊደል ስለሚቀበል የሚከተለው እንዳለ የሚሠራ ኮድ ነው፦

ቀን_ቁጥር = 2795 + 365*(ዓመት-1) + ዓመት//4 + 30*(ወር-1) + ቀን

የተገኘውን ቁጥር ለዴት «ፍሮም ኦርዲናል» መስጠት የአውሮፓውያኑን ቀን ያወጣል። መስከረም 27 ቀን 2018 ሲገባ 739531 ይመጣል፣ እሱም ኦክቶበር 7 ቀን 2025 ነው። ፎርሙላው የተሳሳተ ቀን አይከለክልም፤ ጳጉሜን 6 በየአራት ዓመቱ ብቻ መሆኗን፣ ማለትም ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ሲሆን፣ ለብቻው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። 2015 እንደዚያ ነበር፣ 2019 ይሆናል።

የግዕዝ ቁጥሮች ሌላ ናቸው። «፫» ዲጂት ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ፓይተን አዎ ይላል፣ ወደ ኢንት ሲቀየር ግን ቫልዩኤረር ያወጣል። «፲» ደግሞ ዲጂት አይደለም፣ ኑመሪክ ነው። ምክንያቱ ዩኒኮድ የግዕዝ ቁጥሮችን የአሥር ቤት አሃዞች አድርጎ ስላልመዘገባቸው ነው፤ ዜሮም የላቸውም። ከፎርም የሚመጣን ቁጥር «ዲጂት ነው ወይ» ብሎ ማጣራት ስለዚህ አይበቃም፣ «ዴሲማል ነው ወይ» ነው የሚባለው። ቃላት በ«፡» የተለያዩበት የቆየ ጽሑፍም በስፕሊት አይከፈልም፣ ምልክቱ እንደ ክፍት ቦታ ስለማይቆጠር። ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ አንድ ሰው መሆናቸውን የትኛውም የኖርማላይዝ ዓይነት አያውቅም፤ የፊደል መተኪያ ሰንጠረዥ ሠርቶ በትራንስሌት ማሳለፍ የግድ ነው።

ከሁሉም ብዙ ጊዜ የሚያባክነው ግን ዊንዶውስ ላይ ፋይል መክፈት ነው። ኢንኮዲንግ ካልተነገረው ፓይተን የማሽኑን ኮድ ገጽ (ባይትን ወደ ፊደል የሚተረጉም ሰንጠረዥ) ይወስዳል፣ እንግሊዝኛ ዊንዶውስ ላይ ይህ 1252 ነው። በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ የአማርኛ ፋይል በዚህ ሲነበብ ውጤቱ እንደ ፊደሉ ይለያያል። «አበበ» ያለ ስህተት ያልፋል፣ ግን የማይነበብ የላቲን ምልክት ጥርቅም ሆኖ። «ሰላም» ግን ዩኒኮድዲኮድኤረር ያመጣል፣ ምክንያቱም የ«ም» የመጨረሻ ባይት በ1252 ውስጥ ባዶ ከሆኑት አምስት ቦታዎች አንዱ ላይ ይወድቃል። የነ፣ የል፣ የፈ እና የአራት ነጥቡም ከባይቶቻቸው አንዱ እዚያው ይወድቃል። ለዚህ ነው አንድ ስክሪፕት የደንበኞቹን ዝርዝር ለሳምንታት ሲያነብ ከርሞ አንድ ቀን በአዲስ ስም ምክንያት ድንገት የሚቆመው፤ እስከዚያ ያለፉትም ቢሆኑ በትክክል አልተነበቡም።

ዩቲኤፍ-8 በሁሉም ሲስተም ላይ ሳይነገር የሚወሰደው ከ3.15 ጀምሮ ነው። በ3.14 ግን በእያንዳንዱ «ኦፕን» ላይ ኢንኮዲንጉን መጻፍ ያስፈልጋል፤ የተረሳውን የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ለማግኘት ፓይተኑን «ዋርን ዲፎልት ኢንኮዲንግ» በሚለው የኤክስ አማራጭ ማስነሳት ይበቃል። ኮዱን መንካት ካልተቻለ በዊንዶውስ የሲስተም ተለዋዋጮች ውስጥ ፓይተንዩቲኤፍ8 የሚለውን፣ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ሳይለያይ፣ 1 አድርጎ መስኮቱን ዘግቶ መክፈት ነው። ከኤክሴል የሚመጣ ሲኤስቪ ፋይል ካለ ደግሞ ኢንኮዲንጉ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ተብሎ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ከመጀመሪያው ዓምድ ስም ፊት የማይታይ ምልክት ተጣብቆ ይቀርና «ስም» የሚል ዓምድ የለም ይላል።